የጠረጴዛ ዙሪያ፣ የተግባር ወይስ የመስክ ልምምድ? የአደጋ አመራርን በሲናሪዮ ለሚያሠለጥኑ የምርጫ መመሪያ

ለአደጋ ዝግጁነት ሥልጠና በጀት ሲፈቀድ መጀመሪያ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹና የቀኑ ብዛት ነው። ከዚያ አሠልጣኝ ይፈለጋል። አሠልጣኙም የአደጋን ትርጉም፣ የአደጋን ዑደትና የሥጋት ቀመርን ሦስት ቀን ሙሉ በፓወርፖይንት ያስተምራል፤ ሠልጣኙ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ወረዳው ይመለሳል። ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ ግን ትርጉም የሚጠይቅ የለም። ማን ለማን ይደውላል? «ውጡ» የሚለው ማነው? የወጣው ሕዝብ የት ያድራል? እነዚህ ሁሉ ውሳኔዎች ናቸው፤ ውሳኔ ደግሞ የሚለመደው እየወሰኑ ነው። ሠልጣኙን አንድ የታሰበ አደጋ ውስጥ አስገብቶ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሥልጠና፣ ማለትም የሲናሪዮ ሥልጠና፣ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ችግሩ «በሲናሪዮ እናሠልጥን» ከተባለ በኋላም ምርጫው አለማለቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በልምምድ መመሪያው አራት ዓይነቶችን ይለያል፦ ሰዎች ተቀምጠው የሚወያዩበት የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ፣ አንድን ተግባር ደጋግሞ መለማመድ ወይም ድሪል፣ የማዘዣ ማዕከሉ ብቻ የሚፈተንበት ልምምድ፣ እና ሁሉም ተቋማት ሜዳ የሚወጡበት ሙሉ የመስክ ልምምድ። በእነዚህ ላይ ለድርቅ የሚሆኑትን የጨዋታ ዓይነቶች እጨምራለሁ። ከመካከላቸው ለመምረጥ የምመክረው መለኪያ አንድ ነው፦ አደጋው ነገ ቢደርስ መጀመሪያ ይከሽፋል ብለው የሚፈሩት ምንድን ነው? የሚያሰጋዎት የኃላፊዎች ውሳኔ ከሆነ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጧቸው። የሰዎች እጅና እግር አይታዘዝም ብለው የሚፈሩ ከሆነ ድሪል ያሠሯቸው። ሥጋትዎ ግንኙነቱ ላይ ከሆነ ስልኩንና ማዕከሉን ይፈትኑ። እያንዳንዱ ተቋም ብቻውን ጎበዝ ሆኖ ሲገናኙ የሚተረማመሱ ከመሰለዎት ብቻ ነው የመስክ ልምምድ ወጪው የሚያዋጣው።

የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ፦ ርካሽ፣ ግን ከባድ

ከሁሉም ቀድሜ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ የአካባቢው ካርታ፣ ከአሥር እስከ ሃያ ሰው፣ አንድ አወያይ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ እና ግማሽ ቀን ነው። የሚከብደው ሲናሪዮውን ማዘጋጀቱ ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት ናዳ እናስታውስ። የመጀመሪያው ናዳ ወርዶ ቤቶችን ቀበረ። ሐምሌ 15 ቀን ጠዋት ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ሁሉ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጦ መቆፈር ያዘ። ሰዎቹ ተሰብስበው በሚቆፍሩበት ሰዓት ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ነበሩ። ያደረጉት ማንኛችንም በቦታቸው ብንሆን የምናደርገውን ነው። ባለሙያዎች «ሁለተኛው አደጋ» የሚሉትን ነገር ቀደም ብሎ የነገራቸውና ያለማመዳቸው ቢኖር ኖሮ ብሎ ማሰብ ግን የእኛ የአሠልጣኞች ግዴታ ነው።

አሁን ይህን ወደ ጠረጴዛ እናምጣው። ቀበሌውን ሌላ ስም ይስጡት፤ መልክዓ ምድሩን ግን ከሠልጣኞቹ ወረዳ ይውሰዱ። ወቅቱ የሐምሌ አጋማሽ ነው፣ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንድ የቀበሌ ሚሊሻ ይደውላል፦ «ከተራራው ሥር ሁለት ቤት ተቀብሯል።» እዚህ ላይ ያቁሙና ይጠይቁ። የደወለው ለማን ነው? ያ ሰው ስልኩን ሌሊት ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? በዚያ ተዳፋት ላይ ስንት አባወራ እንደሚኖር የሚያውቀው ማነው፣ መዝገቡስ የት ነው ያለው?

ሲወያዩ ቆይተው መልስ ሲይዙ አዲስ መረጃ ይጨምሩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ300 የማያንስ ሰው ቦታው ላይ ደርሶ በእጅና በዶማ እየቆፈረ ነው። ከአፈሩ ሥር ድምፅ ሰማን የሚሉ አሉ። ኤክስካቫተር የሚገኘው መንገድ ሥራ ላይ፣ ሌላ ወረዳ ውስጥ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሌላ ወሬ ያመጣል፦ ከላይ ካለው ማሳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ታይቷል፣ ከሥር ያለው ምንጭም ደፍርሷል። አዲስ ስንጥቅ፣ የደፈረሰ ምንጭ፣ ያዘነበሉ ዛፎች፣ ሁሉም መሬቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ስለመሆኑ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

የልምምዱ እምብርት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ቁፋሮውን የሚያስቆመው ማነው?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ክፍሉ ዝም ቢል አይደንግጡ፤ አይቸኩሉ። ልጇ ከአፈር ሥር ያለችን እናት «ተመለሺ» የሚል ሰው በየትኛውም የዝግጁነት ዕቅድ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ፖሊስ ይላሉ፤ ስንት ፖሊስ አለ ብለው ይጠይቁ። አስተዳዳሪው ይላሉ፤ ሕዝቡ በዚያ ሰዓት ይሰማዋል ወይ ይበሉ። ቀስ በቀስ ሌሎች ስሞች ይመጣሉ፦ የሃይማኖት አባት፣ የአገር ሽማግሌ፣ የእድር ዳኛ። መፍትሔውም ቁፋሮን ጨርሶ ከመከልከል ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፦ ስንጥቁን የሚጠብቅ ሰው ከዳር ማቆም፣ የእድሩን ጡሩምባ ለማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ቆፋሪውን በትናንሽ ቡድን ማፈራረቅ፣ ጡሩምባው ሲነፋ በየት በኩል እንደሚሮጥ አስቀድሞ ማሳየት። እነዚህን ሐሳቦች አሠልጣኙ በስላይድ ቢያሳያቸው ሠልጣኙ በማግስቱ ይረሳቸዋል። ራሱ ተጨንቆ ሲደርስባቸው ግን የእሱ ይሆናሉ። ደግሞ አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ቁፋሮውን ማስቆም የሚችሉት የሃይማኖት አባትና የእድር ዳኛ እዚህ ስብሰባ ላይ አልተጠሩም። ለሚቀጥለው ይጠራሉ።

ልምምዱ የሚካሄደው እንዲህ ያለ ሐዘን በደረሰበት አካባቢ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት አደጋ ይምረጡ፤ ቢያንስ አስቀድመው ይንገሩና መውጣት የፈለገ ይውጣ። የሰውን ቁስል ለማስተማሪያነት መንካት አይገባም።

ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበላሹት ነገሮች ደግሞ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ትልቁ ኃላፊ ቀድሞ ሲናገር ሌላው ሁሉ ይስማማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው መልሱን መጀመሪያ በወረቀት ይጻፍ፣ ንባቡም በሥልጣን ዝቅ ካለው ይጀመር። ሁለተኛ፣ የሚወስነው ሰው ራሱ አይመጣም፤ ተወካይ ይልካል። አበል ለመቀበል ብቻ የመጣ ተወካይ «ኃላፊውን አማክሬ» እያለ ከመለሰ ልምምዱ ባዶ ነው፤ እኔ ብሆን ቀኑን አራዝማለሁ። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነው፤ በወሬ ሁሉም ነገር ይቻላል። «አምቡላንስ እንልካለን» ሲባል አወያዩ ማለፍ የለበትም። የትኛውን አምቡላንስ? ዛሬ የት ነው? ነዳጅ አለው? የሾፌሩን ስልክ ማን ይዟል? እዚህ ላይ ጨካኝ ያልሆነ አወያይ የሠልጣኞቹን ጊዜ ያባክናል።

ድሪል፦ አካል እንዲያስታውስ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ በረታ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነሡ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ሰዎች ሌሊት ከኮንዶሚኒየም ወደ ደጅ ወጡ። በደረጃ ላይ እየተጋፉ መሮጥ ራሱ ይጎዳል። እንዲህ ላለው ነገር ውይይት አይረዳም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ዝቅ ማለት፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ራስን መከለል፣ አጥብቆ መያዝ፣ ንዝረቱ ሲያቆም በሥርዓት መውጣት፤ ይህንን ሰውነት የሚማረው በመደጋገም ነው። ጃፓኖች በ1923 እ.ኤ.አ. ቶኪዮን ያወደመው መንቀጥቀጥ የደረሰበትን ዕለት፣ ሴፕቴምበር 1ን፣ በየዓመቱ የልምምድ ቀን አድርገውታል።

ድሪል ብዙ ሰው በትንሽ ወጪ ያሠለጥናል። ለትምህርት ቤት፣ ለፋብሪካ፣ ለሕንፃ ነዋሪ፣ ለሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከእሱ የሚሻል የለም። ግን አንድ ከባድ አደጋ አለው፦ የተሳሳተውንም ነገር አሳምሮ ያስተምራል። በብረትና በኮንክሪት የተሠራ ሕንፃ ውስጥ የሚመከረው፣ ከባድ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ላይሠራ ይችላል፤ እዚያ በሩ አጠገብ ለሆነ ሰው ቶሎ መውጣቱ ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ ድሪል ከመጀመሩ በፊት የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው መውጫ፣ የትኛው መሰብሰቢያ የሚለው በጠረጴዛ ዙሪያ መመርመር አለበት።

ይህ እንዴት የሞት የሽረት ጉዳይ እንደሚሆን በማርች 2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን የደረሰው ሱናሚ አሳይቷል። በካማይሺ ከተማ አንድ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንደተለማመዱት ወደ መጀመሪያው መሰብሰቢያ ሮጡ፤ የጎረቤት ትምህርት ቤት ሕፃናትም ተከተሏቸው። እዚያ ሲደርሱ ቦታው የሚያዛልቅ እንዳልሆነ አዩና ወደ ላይ ቀጠሉ። የመጀመሪያውን መሰብሰቢያ ውኃው ዋጠው፤ እነሱ ተረፉ። ፕሮፌሰር ቶሺታካ ካታዳ የከተማዋን ልጆች ለዓመታት ሲያስተምሯቸው ደጋግመው የነገሯቸው፣ በካርታው ላይ የተሳለውን የአደጋ ወሰን እንዳያምኑ ነበር። በኢሺኖማኪ ኦካዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹ ለ50 ደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ ቆዩ፤ ከ108 ተማሪዎች 74ቱ ሞቱ። የትምህርት ቤቱ መመሪያ ከግቢው ቀጥሎ የሚሸሽበትን ቦታ በአቅራቢያ ያለ ክፍት ቦታ ወይም መናፈሻ ከማለት አልፎ ለይቶ አልጻፈም ነበር። አንድ ሰው በልምምድ መሐል «የትኛው መናፈሻ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጉድለቱ በዚያው ዕለት ይገለጥ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ለማንኛውም ድሪል ይሆናል፦ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር አንዱን መውጫ ይዝጉ። ርእሰ መምህሩን «ዛሬ የሉም» ይበሉ። የተለመደው መሰብሰቢያ ላይ ሰው ያቁሙና ወደዚያ አይሄድም ያስብሉ። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ይመልከቱ።

ስልኩንና ማዕከሉን መፈተን

ይህ ከሁሉም የተረሳው ነው፤ ወጪው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጎርፉን ያመጣው በላይኛው ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ የሰውን ሕይወት የሚወስነው ከላይ ዝናቡን ያየው ሰው ለታችኛው የሚደውልበት ፍጥነት ነው።

ይህንን ለመፈተን አዳራሽ አያስፈልግም። አንድ ሌሊት፣ ሳይታሰብ፣ በላይኛው ቀበሌ ያለ ሰው «ይህ ልምምድ ነው» ብሎ ይጀምርና መልእክቱ ታች ወንዝ ዳር ካለው ቤተሰብ እስኪደርስ ሰዓት ይያዝ። የት እንደቆመ ይመዘገባል፦ የተዘጋ ስልክ፣ የተቀየረ ቁጥር፣ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ፣ ፈቃድ ካላገኘሁ ሕዝብ አልቀሰቅስም ያለ ኃላፊ። አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ 939ን ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ፣ 907ን ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ሠራተኞችዎ በቃል ያውቁ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የሥራ መስመሮቹን ግን ያለ ስምምነት ለልምምድ አይደውሉባቸው።

ከስልክ ፈተናው ከፍ ያለው፣ የማዘዣ ማዕከሉን ለግማሽ ቀን በእውነተኛ ሬዲዮ፣ በእውነተኛ መዝገብ ማሠራት ነው። ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም፤ ሪፖርቱን፣ የጋዜጠኛውን ጥያቄ፣ የሐሰት ወሬውን፣ እርስ በርሱ የሚጋጨውን ትእዛዝ የሚልክ ቡድን ግን ሌላ ክፍል ተቀምጧል። ክልልና ዞን ላይ ላሉ፣ በተለይም ወረርሽኝን ለሚከታተሉ ማዕከላት ይህ ከመስክ ልምምድ ይልቅ ይጠቅማል እላለሁ።

ሙሉ የመስክ ልምምድ፦ መቼ ያዋጣል?

አንዳንድ ቦታ ግዴታ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአባሪ 14 አውሮፕላን ማረፊያዎች ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ ልምምድ፣ በመሐሉ ባለው ዓመት ደግሞ ከፊል ልምምድ፣ ወይም በክፍል በክፍል እየፈተኑ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በሙሉ ልምምድ እንዲደመድሙ ይጠይቃል። ምክንያቱም የማረፊያው እሳት አደጋ፣ የከተማው አምቡላንስ፣ ፖሊሱና ሆስፒታሉ በአንድ በር ሲገናኙ የሚፈጠረውን ነገር በወረቀት ማየት አይቻልም። ነዳጅ ማከማቻ፣ ግድብ፣ ትልቅ ሆስፒታልም እንዲሁ ናቸው።

ጥሩ የመስክ ልምምድ ውስጥ ተማሪዎች ቁስለኛ ሆነው ይተኛሉ፤ አንገታቸው ላይ ባለው ካርድ የትንፋሽና የልብ ምት ሁኔታቸው ተጽፏል፤ ነርሶቹ አስቸኳዩን በቀይ፣ ትንሽ መቆየት የሚችለውን በቢጫ፣ ቀላሉን በአረንጓዴ፣ የሞተውን ወይም የማይተርፈውን በጥቁር ይለያሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንት ቀይ ካርድ በአንድ ጊዜ እንደደረሰ ሲቆጠር እውነቱ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የቀለለ ቁስል ያለው ሰው በእግሩ ቀድሞ ይደርስና አልጋውን ይይዛል።

ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዶች ተጋብዘው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ቀድሞ የተጠና ከሆነ ግን ልምምዱ ምንም አያሳይም፤ በዚያ ገንዘብ አሥር የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ይደረግበታል። ያልተሳካ ነገር ያልታየበት የመስክ ልምምድ በጣም ቀሎ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ ለሕዝቡ በሬዲዮ አስቀድሞ ይነገር፣ በየመልእክቱ መጀመሪያ «ይህ ልምምድ ነው» ይባል፣ እውነተኛ ጉዳት ሲደርስ ሁሉን የሚያስቆም አንድ ቃል ይኑር፣ ከተማዋም ያለ አምቡላንስ አትቅር።

ድርቅ ሌላ ነገር ነው

ከላይ ያሉት ሁሉ ለፈጣን አደጋ ናቸው። ድርቅ ደወል የለውም፤ ድሪልም የለውም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ ማስጠንቀቁ ይታወቃል፤ ማስጠንቀቂያ ወደ ውሳኔ ሳይለወጥ ሕዝብ አለቀ። እዚህ የሚሠለጥነው ነገር «ገና እርግጠኛ ሳንሆን መቼ እንወስን?» የሚለው ነው። ለዚህ የሚሻለው ወራትን በሰዓታት የሚያሳጥር ጨዋታ ነው። ተሳታፊው የወረዳ ኃላፊ ወይም አርብቶ አደር ይሆናል፤ በእጁ ጥቂት ባቄላ እንደ በጀት ይይዛል፤ በየዙሩ የዝናብ ትንበያ ይሰጠዋል፤ መኖ አሁን ይግዛ ወይስ ይጠብቅ፣ ከብቱን ገበያው ሳይወድቅ ይሽጥ ወይስ ያቆይ ብሎ ይወስናል፤ ዳይስ ተጥሎ ዝናቡ ይታወቃል። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ የአየር ንብረት ማዕከል እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በብዙ አገር ተጠቅሞባቸዋል። ማንበብ የማይችል አዛውንት እኩል ይሳተፋል፤ እንዲያውም ከባለሙያው የተሻለ ሲወስን ብዙ ጊዜ ይታያል። የኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ግን ባቄላው ይበልጣል።

ከልምምዱ በኋላ ያለው ሰዓት

የትኛውንም ቢመርጡ ከጠቅላላው ጊዜ ሲሶውን ለግምገማ ያስቀሩ። ምን እንዲሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ምን እንለውጥ፣ ማን፣ እስከ መቼ? ጥፋተኛ መፈለግ ከተጀመረ በሚቀጥለው ልምምድ ማንም እውነቱን አይናገርም።

በጁላይ 2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባለሥልጣናት «ፓም» የሚል የምናብ አውሎ ነፋስ ፈጥረው ኒው ኦርሊየንስ በውኃ ስትሸፈን ምን እንደሚያደርጉ በሉዊዚያና ተለማመዱ። ሲናሪዮው በብዙ ነገር ትክክል ነበር። መኪና የሌለውን ሕዝብ ማን፣ በምን ያወጣዋል የሚለው ግን እልባት ሳያገኝ ቀረ፤ ቀጣዩ ሥራም በገንዘብ ምክንያት ተጓተተ። ከ13 ወር በኋላ እውነተኛዋ አውሎ ነፋስ ካትሪና ስትመጣ መኪና የሌላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከተማው ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ለልምምዱ በጀት ሲጠይቁ ለሦስት ወር ክትትሉም አብረው ይጠይቁ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ካላገኙ ልምምዱን ያሳንሱት፣ ክትትሉን ግን አይተዉት።

አንድ ወረዳ አነስተኛ በጀት ይዞ ከየት ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሚያዝያ ላይ የሌሊቱን የስልክ ፈተና ያድርግ እለዋለሁ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በስልኩ ፈተና የታየውን ክፍተት ሲናሪዮ አድርጎ አስተዳዳሪው፣ የጤና ኃላፊው፣ ፖሊሱ፣ የእድር ዳኛውና የሃይማኖት አባቱ በተገኙበት ግማሽ ቀን ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ። በሰኔ መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ከዚያ የወጣውን አንድ ተግባር ብቻ መርጦ በትምህርት ቤቱና በተዳፋቱ ሥር ባለው መንደር ድሪል ያሠራ፤ የጎረቤት ወረዳ ባለሙያም መጥቶ በታዛቢነት ይመዝግብለት፣ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ሄዶ ይመዝግብላቸው።